በሐሮማያ ሐይቅ ዳር የአንድ የበጋ ቀን የወፍ ምልከታ፦ የአሠራር መመሪያ

ከውጭ አገር በመጡ የወፍ መጻሕፍት ላይ «የውኃ ወፎችን በክረምት ይመልከቱ» የሚል ምክር ይገኛል። ይህን ያነበበ የድሬዳዋ ወይም የሐረር ሰው በሐምሌ ዣንጥላ ይዞ ሐይቅ ዳር እንዳይወርድ አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው፤ የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነውና። በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ኩሬውና ወንዙ በረዶ ሲሠራ፣ በዚያ የተፈለፈሉ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የጭቃ ወፎች ወደ ደቡብ ይጓዛሉ፤ ከመስከረም ጀምሮ ወደ አገራችን ገብተው እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ በሐይቆቻችንና በረግረጎቻችን ይቆያሉ። እኛ ጥርት ያለ ሰማይና ደረቅ ነፋስ በምናይበት በታኅሣሥና በጥር የሐሮማያ ዳርቻ በእነዚህ እንግዶች ይሞላል።

ይህ መመሪያ ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነሥቶ አንድ ሙሉ ቀን በሐይቁ ዙሪያ ለሚውል፣ ከዚህ በፊት ወፍ ለመመልከት ወጥቶ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ሐይቁ የተለየ ታሪክ እንዳለው ግን በቅድሚያ ይታወቅ። ሐሮማያ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ፣ የዙሪያውን የጫትና የአትክልት ማሳ ሲያጠጣ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶችም ደለል ሲቀበል ኖሮ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። ከብት የዋለበትና አትክልት የተተከለበት ያ መሬት በቅርብ ዓመታት እንደገና ውኃ ይዟል። ሄዶ የተመለሰ ሐይቅ ስለሆነ እዚያ የሚውል ሰው ያየውን በቁጥርና በቦታ መጻፍ አለበት፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ የሚያደርሱ ናቸው።

1. ቀኑን መምረጥ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ሁሉ ይሆናል፤ ለጀማሪ ግን ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የክረምቱ ውኃ ቀስ በቀስ እየሸሸ በዳርቻው ሰፊ እርጥብ ጭቃ ስለሚተው፣ ትል የሚለቅሙት ወፎች በግልጽ ይታያሉ። ሁለተኛ፣ ከሰሜን የሚመጡት ወንድ ዳክዬዎች ሲደርሱ እንደ ሴቶቹ ዳማ ላባ ለብሰው ስለሚሆን በመስከረምና በጥቅምት መለየታቸው ያስቸግራል፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ብዙዎቹ የጌጥ ላባቸውን ለብሰዋል። በአፍሪካ የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደውም በፈረንጆች ጃንዋሪ፣ ማለትም በእኛ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

ጥር 10 እና 11 ቀንን ይተዉ። ለጥምቀት መጓጓዣውም መንገዱም ይጨናነቃል፤ ደግሞም በዓሉን ትቶ ዳክዬ ሊቆጥር የወጣ ሰው ከቤተሰቡ የሚጠብቀውን ወቀሳ ይህ መመሪያ አያስቀርለትም።

2. ዕቃን ማዘጋጀት

ዋናው መሣሪያ ባይኖኩላር ነው። በላዩ ላይ 8x42 ተብሎ የተጻፈውን ቢያገኙ ይበቃዎታል፤ 8 ማለት ዕቃው ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ሲሆን፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ 20 እና 30 እጥፍ የሚያቀርብ ነው ብለው ያሳያሉ፤ እንዲህ ያለው በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ፣ የሚያሳየው ቦታም ጠባብ ስለሆነ፣ ወፏን ከማግኘትዎ በፊት ትበራለች።

ባይኖኩላሩን ሳያስተካክሉ መሄድ ግማሹን ቀን ያባክናል፤ ስለዚህ በዋዜማው ከቤት ሳይወጡ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች በመካከላቸው ባለው ማጠፊያ እየከፈቱና እየዘጉ፣ በሁለት ዓይን ሲያዩ አንድ ክብ ብቻ እስኪታይዎት ድረስ ያመቻቹ። ቀጥሎ የቀኙን መስተዋት በእጅዎ ሸፍነው በግራ ዓይንዎ ብቻ አንድ ራቅ ያለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የሱቅ ማስታወቂያ፣ እየተመለከቱ የመካከሉን መዘውር ፊደሉ ጥርት እስኪል ያዙሩ። ከዚያ የግራውን ሸፍነው በቀኝ ዓይንዎ ያንኑ ጽሑፍ ይመልከቱ፤ አሁን ግን የመካከሉን መዘውር ሳይነኩ፣ በቀኙ የዓይን ማስጠጊያ ላይ ያለውን ትንሽ ቀለበት ብቻ ያዙሩ። የሁለት ዓይን የማየት አቅም እኩል ስለማይሆን ነው ይህ ቀለበት የተሠራው። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚያዞሩት የመካከሉን መዘውር ብቻ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ማስጠጊያውን ጎማ ወደ ውስጥ ማጠፍ ወይም ማስገባት አለበት፤ አለዚያ የሚያየው በቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ይሆናል።

ለመለማመድ ሐረር የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው። በጀጎል የሥጋ ገበያ ላይ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች ይከተሉ፦ ዓይንዎን ከወፏ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያንሡ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው ወደ ዕቃው ጎንበስ ብሎ ሲመለከትና ከዚያ ወፏን ሲፈልግ ነው። ሥጋ ከሰው እጅ ሞጭልፎ የሚበርን ጭልፊት በክቡ ውስጥ ለአሥር ሰኮንድ ማቆየት የቻለ ሰው ለሐይቁ ዳክዬ አይቸገርም።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ጠንካራ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር፣ እርሳስ፣ የመጠጥ ውኃና ምግብ ነው። እርሳስ የምለው በምክንያት ነው፤ እስክሪብቶ ጠል ወይም የውኃ ጠብታ በነካው ወረቀት ላይ በደንብ አይጽፍም። ስልክዎ ላይ መርሊን የተባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ ጭነው ኢትዮጵያን የሚያካትተውን የወፎች ጥቅል ቤት ሳሉ ቢያወርዱ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ሥዕልና ድምፅ ማነጻጸር ይችላሉ። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ስለተመዘገቡ ሁሉንም በጭንቅላት መያዝ ከማንም አይጠበቅም።

ልብስን በተመለከተ ለድሬዳዋ ሰው ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ሐይቁ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሽርጥና በነጠላ ጫማ ከገንደ ቆሬ የወጣ ሰው በታኅሣሥ ንጋት ሐሮማያ ሲደርስ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ይቀበለዋል። ጃኬትና ሹራብ ይደርቡ፤ ጋቢ ግን አይልበሱ። ጋቢ ለብርዱ ተስማሚ ቢሆንም ንጣቱ ከሩቅ ይጮኻል፤ አመድማ፣ ቡናማ ወይም የደረቀ ሣር የሚመስል ልብስ ይሻላል። ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍንና ቢበላሽ የማያሳዝን ይሁን።

3. ጉዞ

ከድሬዳዋ ሐሮማያ 40 ኪሎ ሜትር፣ ከሐረር ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ከድሬዳዋ የሚነሣ ሰው በሌሊቱ 11 ሰዓት መንገድ ላይ መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት ሞልቶ የሚወጣ ሚኒባስ መጠበቅ አያዋጣም፤ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ደንገጎ የሚወስደው ጠመዝማዛ ዳገት አንዳንድ ጠዋት ጉም ስለሚውጠው ሾፌሩን አያስቸኩሉ፤ የጫት መኪና ከኋላ እያበራ ሲመጣም መንገድ እንዲለቅ ይንገሩት። ከደንገጎ በኋላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ አዴሌ፣ ቀጥሎ ሐሮማያ ይገኛል። ከሐረር የሚመጣ ሰው አወዳይን አልፎ በተቃራኒው አቅጣጫ ይደርሳል፤ እርሱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሣም ይበቃዋል።

4. ከዳርቻው መድረስና ቦታ መያዝ

የሐይቁ ዳር የሰው ማሳ ነው። ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ በጫት፣ በድንችና በሽንኩርት መደቦች መካከል ስለሚያልፍ፣ በቦዩ ጠርዝ እንጂ በመደቡ ላይ አይረገጥም። ከንጋት ጀምሮ የውኃ ሞተር የሚያስነሡ ገበሬዎች ይኖራሉ፤ ቀድሞ ሰላምታ መስጠት የእንግዳው ድርሻ ነው። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» (እንዴት አደሩ) ብለው፣ ሰውየው በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆነ «ኦቦ» (አቶ) ብለው ጠርተው፣ ወፍ ለማየት እንደመጡ ይንገሩ። ሰውን ወይም ማሳን ፎቶ ማንሣት ከፈለጉ ያስፈቅዱ። እኔ እስካሁን ያልተፈቀደልኝ ጊዜ የለም፤ ሳልጠይቅ በገባሁበት አንድ ጠዋት ግን ሁለት ውሾች ሸኝተውኛል። ወደ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመግባት ያሰበ ሰውም መታወቂያ ይዞ በሩ ላይ ፈቃድ ይጠይቅ።

አሁን ዋናው ነገር ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስለምትመጣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆመው ወደ ምዕራብ ይመልከቱ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራባዊው ዳርቻ ይዙሩ። ይህን የምለው ከስሕተቴ ተምሬ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከድሬዳዋ አርፍጄ ተነሥቼ በጠዋቱ 3 ሰዓት ደረስሁና፣ መኪናው ባወረደኝ በኩል ፊቴን ለፀሐይ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ውኃው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ እያብለጨለጨ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያየሁት የጥቁር ቅርጽ ሰልፍ ብቻ ነበር። የዚያ ቀን ደብተሬ አሁንም አለኝ፤ የተጻፈበት «ብዙ ዳክዬ» የሚል አንድ መስመር ነው። ምን ዓይነት ዳክዬ? ስንት? በየትኛው በኩል? ከዚያ ጽሑፍ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ምንም ሊያውቅ አይችልም።

ቦታ ሲይዙ ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ 50 ሜትር ያህል ርቀው፣ ከባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ከቁጥቋጦ አጠገብ ይቀመጡ። ቆሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ወፍን ያስደነግጣል፤ ተቀምጦ ዝም ያለ ሰው ግን ከ15 ደቂቃ በኋላ የመልክዓ ምድሩ አካል ይሆናል። ዳክዬዎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ሁሉም ወደ እርስዎ ዞረው ካዩ በጣም ቀርበዋል ማለት ስለሆነ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። ወደ ጭቃው መግባት ፈጽሞ አይገባም፦ ላዩ የደረቀ የሚመስለው የሐይቅ ደለል ከሥሩ ማጥ ሊሆን ይችላል፤ በረጋ ውኃ ውስጥ መራመድም ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል።

5. ከወፍ በፊት ውኃውን መመዝገብ

ይህ ደረጃ በብዙ መመሪያዎች አይገኝም፤ ለሐሮማያ ግን የግድ ነው እላለሁ። ከዓመት ዓመት የማይጠፋ አንድ ምልክት ይምረጡ፤ ትልቅ ቋጥኝ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይሆናል። ከእርሱ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ውኃው አቅጣጫ እየተራመዱ፣ መሬቱ መራስ እስከሚጀምርበት ድረስ እርምጃዎን ይቁጠሩ፤ ከዚያ እስከ ውኃው ያለውን ጭቃ በዓይን ገምተው ለብቻው ይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የምልክቱን ቦታም ያክሉ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት ይህንኑ ቢደግሙ፣ የወፎቹ ቁጥር የተለወጠው ውኃው ስለሸሸ ይሁን በሌላ ምክንያት ለማመዛዘን የሚያስችል ነገር በእጅዎ ይኖራል። ጥልቀት የሌለው ጭቃማ ዳርቻ ሲሰፋ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይበዛሉ፤ የውኃው ጥልቀት ሲጨምር ደግሞ ጠላቂዎቹ ይበዛሉ።

6. መቃኘትና መለየት

ባይኖኩላሩን ከማንሣትዎ በፊት በባዶ ዓይን መላውን ሐይቅ ይመልከቱና በሐሳብዎ በሦስት ይክፈሉት፦ ክፍት ውኃ፣ ቄጠማና ደንገል፣ ጭቃማ ዳርቻ። ወፎቹ ራሳቸው በዚህ ይከፈላሉና። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደሚነበብ መስመር፣ ቀስ እያሉ በባይኖኩላር ይጥረጉ።

በክፍት ውኃው ላይ በመጀመሪያ ዳክዬ ያልሆነውን ይለዩ። ሁለመናዋ ጥቁር፣ ምንቃርዋና ግንባርዋ ነጭ፣ ስትዋኝ ጭንቅላቷን ወደ ፊት ወደ ኋላ የምትነቀንቅ ወፍ ካዩ ኩት የምትባለው ናት፤ በመራቢያ ጊዜ ከግንባርዋ በላይ ሁለት ቀያይ እባጮች ይኖሯታል። ጡጫ የምታክል ሆና ድንገት ጠልቃ ሌላ ቦታ የምትወጣው ደግሞ ትንሿ ግሪብ ናት። የቀሩትን ዳክዬዎች በአበላላቸው ይክፈሏቸው፤ ጭራቸውን ወደ ሰማይ አቁመው አንገታቸውን ብቻ የሚነክሩና ሙሉ በሙሉ የሚጠልቁ ብለው።

ከሰሜን ከሚመጡት ለጀማሪ የሚቀለው ሾቬለር ነው። እኔ በደብተሬ «አካፋ አፍ» እለዋለሁ፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች በአማርኛ ለየብቻ የታወቀ ስም ስለሌላቸው እርስዎም ከመጽሐፉ ስም ጎን የሚያስታውሱበትን ቅጽል ቢጽፉ አይጎዳም። ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ይረዝማል፣ ጫፉም እንደ አካፋ ይሰፋል። ወንዱ ጭንቅላቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የተቆላ ቡና የመሰለ ነው። ጊዜ ሰጥተው ሊመለከቱት የሚገባ አንድ ልማድ አለው፦ ሲመገቡ ተከታትለው ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለው በእግሩ ያደፈረሰውን ውኃ በምንቃሩ እያጠለለ ይከተላል። በምንቃሩ ጠርዝ የተሰደሩት እንደ ማበጠሪያ ያሉ ጥርሶች ውኃውን አሳልፈው ጥቃቅኑን ነፍሳትና ዘር ያስቀራሉ። አንድ ጥር ጠዋት 20 የሚሆኑት እንዲህ ሲዞሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱም ቀና አላለም።

ፒንቴል በረጅም ቀጭን አንገቱና እንደ መርፌ በሾለው ጭራው ይታወቃል፤ በወንዱ ቡናማ ጭንቅላት ጎን ነጭ መስመር ከደረቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጋርጋኒ ትንሽ ናት፤ ወንዱ ከዓይኑ በላይ ተነሥቶ ወደ ማጅራቱ የሚወርድ ደማቅ ነጭ ቅንድብ አለው። የአገሩ ተወላጆች ደግሞ አሉ፦ ቢጫ ምንቃር ያለው ዳክዬ፣ ቀይ ምንቃርና ጥቁር ቆብ ያለው ዳክዬ፣ ከእነዚህም ሁሉ የሚበልጠው የግብፅ ዝይ። የግብፅ ዝይ በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ አለው፤ ባልና ሚስት ሆነው እየተጨቃጨቁ ስለሚውሉ ከማየትዎ በፊት ድምፃቸውን ይሰማሉ።

ጭቃማው ዳርቻ ጀማሪን ያስመርራል፤ ሁሉም ወፍ ቡናማና ረጅም ምንቃር ይመስላልና። ቀለም ይተዉና መጠን፣ የምንቃር ርዝመትና አረማመድ ይመልከቱ። ቀያይ እግሮቹ ከአካሉ ጋር የማይመጣጠኑ ጥቁርና ነጭ ወፍ ካዩ ስቲልት ነው፤ እርሱን የሚስት የለም። ምንቃሩ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ሲበር በክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ መስመር፣ ጭራው ላይ ጥቁር ያለበት ጎድዊት ነው። ኋላውን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ እያደረገ በዳር በዳር የሚሮጠው፣ ከትከሻው ፊት ነጭ ሽብልቅ ያለበት፣ ተራው ሳንድፓይፐር ነው። ከድንቢጥ የማይበልጠው ስቲንት ነው። ረፍ የሚባለው ግን ያታልላል፦ ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚተልቅ ሁለት ዓይነት ወፍ ያዩ ይመስልዎታል፤ ሁለቱም ትንሽ ጭንቅላትና ጀርባቸው ላይ ቅርፊት የመሰለ ላባ አላቸው። ስሙን ያገኘበት የአንገት ጥምጥም በሰሜን በመራቢያው ወቅት ብቻ የሚታይ ስለሆነ እዚህ አይፈልጉት። ፍላሚንጎ ካጋጠመዎት ምንቃሩን ይመልከቱ፤ ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ከሆነ ትልቁ ፍላሚንጎ፣ ምንቃሩ ሁሉ ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ትንሹ ነው።

መለየት ያልተቻለን ወፍ «ያልታወቀ» ብሎ ከነመልኩ መጻፍ ነውር አይደለም። በግምት የተጻፈ ስም ግን መላውን ደብተር ያጠራጥራል።

7. መቁጠር

እስከ 50 የሚሆነውን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ከዚያ በላይ ለሆነ መንጋ መጀመሪያ 10 ወፎችን በትክክል ቆጥረው በባይኖኩላሩ ክብ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ ያስተውሉ፤ ከዚያ ያንን ስፋት እንደ መስፈሪያ ይዘው በመንጋው ላይ እያሻገሩ ይለኩ። 12 ጊዜ ከሞላ 120 ናቸው። መንጋው መሐሉ ጥቅጥቅ፣ ዳሩ ሳሳ ያለ ከሆነ ለሁለቱ የተለያየ መስፈሪያ ይውሰዱ። ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንዴ ቆጥረው ሁለቱንም ቁጥሮች ይጻፉ፤ ልዩነታቸው የስሕተትዎን ልክ ይነግርዎታል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ዓይኑን ሳይነቅል ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ።

በቆጠራው መካከል ዳክዬው ሁሉ ድንገት ቢነሣ አይበሳጩ፤ ቀና ብለው ሰማዩን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ክንፎቹን በትንሹ ወደ ላይ አቅንቶ በቄጠማው ላይ ዝቅ ብሎ የሚቀዝፍ የረግረግ ጭልፊት ይሆናል፤ እርሱም ከሰሜን የመጣ ነው። መንጋው ዞሮ ሲያርፍ ከደንገል ውስጥ ተደብቀው የነበሩትም አብረው ስለሚወጡ አዲሱ ቁጥር ከቀድሞው ይበልጣል፤ ሁለተኛውን ይያዙ።

8. እኩለ ቀን

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያርገበግበው ሩቅ ያለ ወፍ ይደበዝዛል፤ ነፋሱም ውኃውን ያናውጣል። ይህ የምሳ ጊዜ ነው። ከቤት የመጣ ሳምቡሳና በፔርሙዝ የተያዘ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ለዚህ ሰዓት ይመቻል፤ ፌስታሉን ግን ወደ ቦርሳዎ ይመልሱ።

ከዚያ ፊትዎን ከውኃው ወደ ማሳው ያዙሩ። በከብቶቹ እግር ሥር ቢጫ ሆዳቸውን እያሳዩ የሚሯሯጡት፣ ጭራቸውን የሚቆሉት ትንንሽ ወፎች ከሰሜን የመጡ ናቸው። ቀይ ምንቃርና ቀይ እግር ያለው ነጭ ሽመላ በታረሰ መሬት ላይ ሲራመድ ካዩ እግሩን በጥንቃቄ ይመርምሩ። በአውሮፓ ብዙ ሽመላዎች በጫጩትነታቸው ፊደልና ቁጥር ያለበት ቀለበት ስለሚታሰርላቸው፣ ጽሑፉን፣ የቀለበቱን ቀለምና በየትኛው እግር እንደታሰረ ቢመዘግቡ ወፉ የት እንደተፈለፈለ ማወቅ ይቻላል። ራሰ በራውና ከጉሮሮው ሥር ከረጢት ያንጠለጠለው አባ ኮዳ ግን የእኛው ነው። መኪና ያለው ሰው በእነዚህ ሰዓታት ወደ አዴሌ ሐይቅ ሄዶ፣ ውኃ ካለው፣ የጠዋቱን አሠራር ባጭሩ ይድገም፤ ቁጥሩን ከሐሮማያው ጋር ሳይቀላቅል በተለየ ገጽ ይጻፍ።

9. የማታው ምልከታና መዝገቡን ማጠናቀቅ

ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በምዕራባዊው ዳርቻ፣ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀመጡ። አሁን ብርሃኑ ወርቃማና ለስላሳ ስለሆነ በጠዋት ያጠራጠረዎት ወፍ ሊለይልዎት ይችላል። ጠዋት የቆጠሩትን ከማታው ጋር አይደምሩ፤ ወፎቹ ያው ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ዓይነት ከሁለቱ የሚበልጠውን ቁጥር ብቻ ይወስዳሉ።

ከመነሣትዎ በፊት፣ እዚያው እንደተቀመጡ፣ ገጹን ይሙሉ፦ ቀን፣ የተቀመጡበት ቦታ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት፣ ሰማዩና ነፋሱ፣ ከምልክቱ እስከ ውኃው ያለው እርምጃ፣ የእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር፣ ያልታወቁት ከነመልካቸው። ቤት ሲገቡ ይህንኑ ኢ-በርድ በተባለው መረጃ መረብ ላይ ቢያስገቡ ለሌላ ሰው ይደርሳል፤ በፈረንጆች 1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ስለ ወፍ ምልከታ መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው አንዱ መነሻ ነው።

ፀሐይ ከ12 ሰዓት በኋላ ወዲያው ስለምትጠልቅ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ሰው የደንገጎን ቁልቁለት በብርሃን ለመውረድ ከፈለገ ከዳርቻው በ11 ሰዓት ይነሣ። ሐረር የሚገባ ግን ትንሽ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ነጫጭ ሳቢሳዎች ከየማሳው ተነሥተው ሰልፍ ሠርተው ወደ ማደሪያ ዛፋቸው ስለሚያልፉ፣ እርሳሱን ወደ ኪሱ ሳይመልስ እነርሱንም ይቁጠር።